«ፊት የሌለው ሰዓት» ለተባለው ጽሑፍ መልስ አለኝ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን ስለ ውድ የእጅ ሰዓቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ፣ ጸሐፊው ስኬለተን ክሮኖግራፍ የሚባለውን ሰዓት «ፊት የሌለው ሰዓት» ብለው ቀልደውበታል፣ እኔ ደሞ ይሄንኑ ዓይነት ሰዓት ከሚያስሩት አንዱ ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ቀልዱ ያስቃል፣ እኔም ስቄያለሁ፣ ግማሹም እውነት ነው። ስልክ ከዚህ ሰዓት የተሻለ ይቆጥራል ያሉት ልክ ነው። ለማንበብ ያስቸግራል ያሉትም ልክ ነው፣ እንዲያውም እሳቸው ከጻፉት በላይ ያስቸግራል። ያልተስማማሁት «ዋጋው ለስምና ለመታየት ነው፣ ውስጡ ከሌላው ሰዓት የተለየ ነገር የለውም» ያሉት ላይ ነው። እዚህ ጋ ሰዓቱን ከፊት ብቻ አይተው ነው የፈረዱት፣ ይሄ ሰዓት ግን ውስጡ ካልታየ ምኑም አይገባም።

ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፤ ክሮኖግራፍ ማለት ሰዓት ከመቁጠር ሌላ ስቶፕዎች ሆኖም የሚያገለግል ሰዓት ነው፣ ከጎኑ ሁለት መጫኛዎች አሉት፣ አብዛኛው ላይ የላይኛው ያስነሳል ያቆማል፣ የታችኛው ወደ ዜሮ ይመልሳል። ስኬለተን የሚባለው ደሞ ዳያሉ፣ ማለትም ቁጥሮቹ ያሉበት ፊቱ፣ ተነስቶ ወይ ተቦርቡሮ፣ ከስር ያሉት ሳህኖችም ለሥራ የማያስፈልገው ቦታቸው ተቆርጦ ወጥቶ፣ ማርሹ ሞላው ብሎኑ ሁሉ የሚታይ ሰዓት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ነው ነገሩ የሚከብደው። ተራ ሰዓት ውስጥ ያለው ዕቃ ትንሽ ስለሆነ ቆርጦ ማሳየት ብዙም አያስቸግርም፣ ክሮኖግራፍ ግን በዋናው ሰዓት ላይ ሌላ ማሽን የተጫነበት ነው፣ ሌቨሩ (ማንሻው) መዶሻው ስፕሪንጉ ተደራርቦ ነው ያለው፣ ለምሳሌ ዜኒት የሚባለው የስዊዘርላንድ ሰዓት ፋብሪካ የ1969ኙን ኤል ፕሪሜሮ ሲሠራ 278 ክፍሎች ነበሩት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይሄን ሁሉ ዕቃ ከፍቶ ለማሳየት መጀመሪያ እያንዳንዱ መታየት የሚችል መሆን አለበት፣ እዚህ ጋ ነው እንግዲህ ገንዘቡ የሚሄደው።

እስቲ አንዱን ቁራጭ ብቻ ልንገራችሁ። ብሪጅ የሚሉት አለ፣ ማርሾቹን ከላይ ይዞ የሚያቆም ሳህን ነው፣ ብዙ ጊዜ ከናስ ይሠራል። በድሮው መንገድ ሠራተኛው ሳህኑ ላይ በመርፌ ንድፉን ይስላል፣ በድሪል ቀዳዳ ይበሳል፣ በቀዳዳው ክር የምታህል የመጋዝ ምላጭ አሳልፎ በእጁ መስመሩን እየተከተለ ይቆርጣል። ከዚያ በሞረድ ያስተካክላል። ከዚያ ጠርዙን ዙሪያውን በ45 ዲግሪ እየሞረደ ጠባብ ተዳፋት ያወጣለታል፣ እሷን ተዳፋት ደሞ በእንጨትና በአልማዝ ቅባት እያሸ መስታወት እስክትመስል ያጸዳታል። ብዙ ከቆረጠ ሳህኑ ይልፈሰፈሳል፣ ሳህኑ ትንሽ ከታጠፈ የማርሹ ዘንግ ከቦታው ይንቀሳቀሳል፣ ሰዓቱ አለቀለት። ትንሽ ከቆረጠ ደሞ ምንም አይታይም። ስለዚህ የት ማቆም እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ነው የሚያስፈልገው፣ የዚህ ዓይነት ሰው ደሞ በየትም ቦታ በብዛት አይገኝም።

ዛሬ አብዛኛው ቆረጣ በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን ነው የሚሠራው፣ ይሄ ነውር አይደለም፣ እንዲያውም ከእጅ የበለጠ ትክክል ይቆርጣል። ልዩነቱ ያለው ከቆረጣው በኋላ ነው። የማሽን መሞረጃ ክብ ሆኖ ስለሚሽከረከር ወደ ውስጥ የገባ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ክብ አድርጎት ነው የሚያልፈው፣ ሁለት ተዳፋት ተገናኝተው እንደ ምላጭ ስለት ያለ ሹል መስመር የሚሠሩበት ማዕዘን ካያችሁ ግን እዚያ ቦታ የሰው እጅ ገብቷል ማለት ነው። እኔ ሰዓት ለመግዛት ሳስብ ማጉያ መነጽር ይዤ መጀመሪያ የማየው ይሄንን ነው። ሻጩ ስለ ብራንዱ ታሪክ፣ ስለ ተወሰነ ቁጥር ብቻ መሠራቱ፣ እነማን እንደሚያስሩት ምናምን ሲያወራ አዎ አዎ እያልኩ ዓይኔ ማዕዘኑ ላይ ነው።

የኔን ሰዓት ብራንድ አልጠራም፣ ማስታወቂያ እንዳይመስል፣ በኋላም የማማርረው ነገር ስላለ። ብቻ አውቶማቲክ ነው፣ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱ የሚሞላ ማለት ነው፣ ቤቱ ቲታኒየም ነው፣ ከፊትም ከኋላም ሳፋየር መስታወት አለው። ከመግዛቴ በፊት ለረጅም ጊዜ ፎቶውን ብቻ ሳይ ነው የኖርኩት፣ ፎቶ ላይ ደሞ ሁሉም ስኬለተን ያምራል፣ መብራቱ ተስተካክሎ፣ ቆጣሪዎቹ አሥር ከአሥር ላይ ቆመው፣ ጀርባው ጥቁር ሆኖ ነው የሚነሳው። እጅ ላይ ሲወጣ ሌላ ነው። ያን ዕለት ሁለት ሰዓት ነበር ፊቴ የቀረበው። አንደኛው በጣም ዝነኛ ስም ያለው፣ ግን ዳያሉ ተነስቶ ከስሩ የነበረው ማሽን እንዳለ የቀረ ነው፣ ሳህኑ ላይ የመሞረጃው ዱካ በዓይን ይታያል፣ ጠርዙ ደረቅ ነው። ኮፈን ማንሳትና ሞተር መሥራት አንድ አይደለም እኮ። ሁለተኛው ስሙ ያን ያህል የማይጠራ፣ ነገር ግን እያንዳንዱ ብሪጅ ተሞርዶ ያለቀለት፣ የብሎኖቹ ራስ ጥቁር መስታወት የመሰለ፣ ሳነሳው ሻጩ ራሱ ማጉያውን አምጥቶ ዝም ብሎ ሰጠኝ። ዝም ያለው ሻጭ ነው የሸጠልኝ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። የላይኛውን መጫኛ ስጫን ምን እንደሚሆን በተዘጋ ሰዓት አታዩትም፣ ቆጣሪው ሲነሳ ብቻ ነው የምታዩት። በዚህኛው ግን ሁሉም ነገር ዓይን ፊት ነው። ኮለም ዊል የሚሏት ትንሽዬ ጎማ አለች፣ ጫፏ ላይ ቋሚ ዓምዶች ተተክለውባታል፣ መጫኛው ሲገፋ አንዲት እርምጃ ትዞራለች፣ ዓምዱ ላይ ተደግፎ የነበረው የሌቨር ምንቃር በሁለት ዓምዶች መሃል ወዳለው ክፍተት ይወድቃል፣ ሌቨሩ ሲወድቅ ሌላኛው ጫፉ የያዘው ማርሽ ተጠግቶ ከሚዞረው ማርሽ ጋር ጥርስ ለጥርስ ይያያዛል፣ ቆጣሪው ይነሳል። ይሄ ሁሉ ዓይን እስኪጨፈን ነው የሚያልቀው። ድምፁም ጠቅ የምትል፣ ጣት ላይ ለስላሳ የሆነች ነገር ናት፣ ኮለም ዊል ያለው ሰዓትና በሱ ፈንታ በካም፣ ማለትም ጠርዙ ወጣ ገባ በሆነ ጠፍጣፋ ብረት፣ የሚሠራው ሰዓት ብዙ ጊዜ ጣት ላይ ይለያሉ፣ የካሙ ጠንከር ያለ ነው። ካም ግን መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ ከ1974 ጀምሮ ያለው ቫልዡ 7750 የሚባለው ማሽን በካም ነው የሚሠራው፣ ስንትና ስንት ውድ ሰዓት ውስጥ ገብቶ እስከ ዛሬ ያለ ችግር እየሠራ ነው።

ወደ ዜሮ መመለሱ ደሞ ይብሳል። ቆጣሪው የተተከለበት ዘንግ ላይ የልብ ቅርጽ ያላት ትንሽ ብረት አለች። የታችኛውን መጫኛ ስትጫኑ መዶሻ መጥቶ ይችን ልብ ይመታታል፣ ልቧ በየትኛውም አቅጣጫ ትሁን በመዶሻው ግፊት ተንሸራታ ዝቅተኛ ጎኗ ላይ ነው የምታርፈው፣ ቆጣሪውም አብሯት በርሮ ዜሮ ላይ ቀጥ ይላል። አዶልፍ ኒኮል የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ሰዓት ሠሪ ይሄን ሐሳብ በ1844 ነው የፈጠራ መብት ያወጣበት። ያለ ኮምፒውተር፣ ያለ ኤሌክትሪክ፣ ቆጣሪው የትም ይሁን የት ሁልጊዜ ቤቱን የምታሳውቀው አንዲት ጠማማ ብረት ናት። እኔ ለዚች ብረት ብቻ ብዬ ሰዓቱን የምገዛው ይመስለኛል። ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የማሳየውም እሷን ነው፣ ከአሥር ሰው ዘጠኙ «እስቲ ድገመው» ይላል።

ጸሐፊው «ይሄ መጫኛ ማንም የማይጠቀምበት ጌጥ ነው» ብለዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው የሚለው። መጀመሪያ የተሠራውም ለሥራ ነበር፣ ሉዊ ሟኔ የሚባለው ፈረንሳዊ በ1816 የሠራው ሰዓት ለኮከብ ምልከታ ነው፣ በሰዓት 216,000 ምት የሚመታና የሰከንድን 1/60ኛ የሚለካ ነበር፣ በዚያ ዘመን ማለት ነው። ይሄ ሰዓት በ2013 ይፋ እስኪሆን ድረስ የመጀመሪያው እየተባለ የሚጠራው በ1821 ኒኮላ ሪዩሴክ በፓሪስ የፈረስ ግልቢያ ላይ የሞከረው ነበር፣ ያ ደሞ ዳያሉ ላይ ቀለም እያንጠባጠበ ነው ጊዜ የሚመዘግበው። በ1970 ደሞ አፖሎ 13 የተባለው መንኮራኩር ጠፈር ላይ ተበላሽቶ ሲመለስ፣ ኃይል ለመቆጠብ አብዛኛው መሣሪያ ጠፍቶ ስለነበር፣ አቅጣጫ ለማስተካከል ሞተሩን ለ14 ሰከንድ ያህል ማስነሳት ነበረባቸው፣ ያንን ጊዜ ከጠፈርተኞቹ አንዱ ጃክ ስዊገርት የቆጠረው በእጁ ላይ ባለው ኦሜጋ ስፒድማስተር ነው። እኔ በእርግጥ ጠፈር አልሄድኩም። ግን ስብሰባ ላይ «ሁለት ደቂቃ ብቻ ስጡኝ» የሚል ሰው ሲነሳ መጫኛዋን ጠቅ አደርጋታለሁ። ሁለት ደቂቃ የሚሉት ነገር ስንት እንደሆነ እዚህ ጋዜጣ ላይ ባልጽፈው ይሻላል፣ አለቃዬም ያነባል።

ቆይ ደሞ ስለ 1969 ሳልጽፍ አላልፍም፣ የሰዓት ወዳጅ ከሆናችሁ ይሄ ዓመት ይለያል። እስከዚያ ድረስ ክሮኖግራፍ በእጅ ነበር የሚሞላው፣ አውቶማቲክ ክሮኖግራፍ ማንም አልነበረውም። በዚያው አንድ ዓመት ሦስት ወገን አወጣው፣ ዜኒት ኤል ፕሪሜሮን፣ ሆየርና ብራይትሊንግ ከነሃሚልተንና ከቡረን ጋር ሆነው ካሊበር 11ን፣ ጃፓን ደሞ ሴይኮ 6139ን። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም፣ እኔ ክርክሩ ውስጥ አልገባም፣ ብቻ ሴይኮው ኮለም ዊልም ቀጥ ያለ ፍሪሲዮንም እንደነበረው ይታወቅ። ፍሪሲዮን ስል ያው እንደ መኪናው ነው፣ ክሮኖግራፉን ከዋናው ሰዓት ጋር የሚያገናኘውና የሚለያየው ማለት ነው። በጎን ተጠግቶ ጥርስ ለጥርስ የሚገናኘው ዓይነት አንዳንዴ ጥርስ ከጥርስ ሲጋጭ ቆጣሪው ሲነሳ ትንሽ ዘለል ይላል፣ ቀጥ ያለው ግን ከላይ ወደ ታች ተጭኖ ስለሚይዝ አይዘልም። በሥራ ቀጥ ያለው ይሻላል። ለዓይን ግን የጎኑ ነው፣ ምክንያቱም ቀጥ ያለው ተደራርቦ ተደብቆ ስለሚቀመጥ ስኬለተን ላይ እንኳ ጥሩ አድርጎ አይታይም። ስለዚህ እኔ የሚዘለውን መረጥኩ፣ የሚታየውን። ሰው ይስቃል ይሄን ስናገር።

ከዚያ በኋላ የኳርትዝ ሰዓት መጣ፣ በባትሪ የሚሠራው፣ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ ክሪስታል ያለው፣ ርካሽም ትክክልም ሆኖ ሜካኒካሉን ሊያጠፋው ደረሰ። ዜኒትን በወቅቱ የያዘው የአሜሪካ ኩባንያ የሜካኒካል ሥራ ይቁም ብሎ ሲያዝ፣ ሻርል ቬርሞ የሚባል የፋብሪካው ሠራተኛ የኤል ፕሪሜሮን መሥሪያ ዕቃዎች፣ ቅርጽ ማውጫዎቹን፣ ሰነዶቹን ሁሉ እየሸከፈ ጣሪያ ስር ደበቃቸው። በኋላ ሜካኒካል ሰዓት ሲመለስ ሥራው እንደገና የተጀመረው በነዚያ ዕቃዎች ነው፣ ከ1988 እስከ 2000 ሮሌክስ ዴይቶና በሚባለው ሰዓቱ ውስጥ የከተተው ይሄንኑ ማሽን አሻሽሎ ነበር። የዚሁ ዘር የሆነው ዴፋይ ኤል ፕሪሜሮ 21 በ2017 ሲወጣ የሰከንድን 1/100ኛ የሚለካ ሆነ፣ ለክሮኖግራፉ ብቻ በሰዓት 360,000 ጊዜ የሚመታ ሁለተኛ የሚወዛወዝ ጎማ ተሰጥቶት፣ መሃል ላይ ያለው ቆጣሪ በየሰከንዱ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል። እሱን ሲሮጥ ያየ ሰው «ውስጡ የተለየ ነገር የለውም» አይልም።

እሺ፣ አሁን ደሞ መታሰሩ። እዚህ ላይ ጸሐፊውን ልደግፋቸው ነው። በመጀመሪያ አይነበብም። ቆጣሪዎቹ ብረት፣ ከስራቸው ያለው ብረት፣ ሁሉም ያንጸባርቃል፣ ጨለም ያለ ቦታ ላይ ሰዓት ስንት እንደሆነ ለማወቅ እጄን እንደ ሞኝ ወዲያ ወዲህ አዞራለሁ። ቆጣሪዎቹ ላይ የሚያበራ ቀለም የተቀባባቸው ይሻላሉ፣ ስቶፕዎቹ የሚነበብባቸው ትንንሾቹ ክቦች ዙሪያ ቀለበት የተሠራላቸውም ይሻላሉ፣ ምክንያቱም ዓይን የሚያርፍበት ነገር ያገኛል። ሁለተኛ ወፍራም ነው፣ አውቶማቲክ ክሮኖግራፍ ሆኖ ቀጭን የሆነ ብርቅ ነው፣ ሸሚዝ እጅጌ ስር አይገባም፣ እጅጌው ላይ ተቀምጦ ነው የሚውለው። ሦስተኛውን ማንም አይነግራችሁም፦ ከፊትም ከኋላም ክፍት ስለሆነ በማርሾቹ መሃል የራሳችሁ ክንድ ጸጉር ይታያል። በዚያ ሁሉ ጥበብ መሃል፣ በአልማዝ በታሸው ብሪጅ ስር፣ ጸጉር! ፎቶ ላይ ይሄ የለም። እኔ ለምጄዋለሁ፣ አንዳንድ ሰው ግን በዚህ ብቻ ሰዓቱን መልሶ ሲሸጥ አውቃለሁ።

ለመታየት ነው ላሉት ደሞ ይሄን ልበል፣ ለመታየት የፈለገ ሰው ይሄን ሰዓት ባይገዛ ይሻለዋል፣ ምክንያቱም ሰው አያውቀውም። ወርቅ ከሩቅ ይታወቃል፣ ይሄ ግን ከሩቅ ግራጫ ነገር ነው። አንድ ታላቅ ሰው እጄን ይዘው በሐዘኔታ «ልጄ፣ ሰዓትህ ፊቱ ወልቆ የት ጠፋ? አሠራው እንጂ» ብለውኛል። በርግጥ ለመታየት የተሠሩ ስኬለተኖች አሉ፣ በጣም ብዙ አሉ፣ ትልቅ ሆነው በቀለም ተንቆጥቁጠው ውስጣቸው ግን ምንም ያልተሠራላቸው፣ እነሱ ላይ የጻፉትን ሁሉ እኔም እፈርማለሁ። ግን ሁሉንም አንድ ላይ መጠቅለሉ ነው ያላማረኝ።

ስኬለተን ምንም አይደብቅም የምለው ለማሞገስ ብቻ አይደለም፣ ዕዳም ነው። ሰዓቴን ለሰርቪስ ሰጥቼው ነበር፣ የት እንደሆነ አልናገርም። ሜካኒካል ክሮኖግራፍ በየጥቂት ዓመቱ ተፈቶ፣ ታጥቦ፣ ዘይቱ ተቀይሮ መገጠም አለበት፣ ዘይቱ ሲደርቅ ብረት ከብረት ይፋተጋል። ሲመለስልኝ ጥሩ ይሄዳል፣ ክሮኖግራፉም ይሠራል፣ ግን በማጉያ ሳየው አንዱ ብሎን ራስ ላይ መፍቻው ተንሸራቶ ጭሮታል፣ ያን ጥቁር መስታወት የመሰለውን ብሎን። ዳያል ባለው ሰዓት ይሄ ጭረት ዕድሜ ልኩን አይታወቅም ነበር። ብነግራቸው መጀመሪያ «ሥራውን አይነካውም» አሉኝ፣ እውነትም ሥራውን አይነካውም፣ ግን እኔ ለሥራው ብቻ አይደለም የከፈልኩት፣ ፎቶ ይዤ ስመላለስ ቆይቼ ብሎኑን ቀየሩልኝ። ስለዚህ ለመግዛት ያሰበ ሰው ካለ ከዋጋው ጋር አብሮ የሚያስበው ነገር ይሄ ነው፣ ተራ ሰዓት አዳሽ ጥሩ ባለሙያ ቢሆን እንኳ ስኬለተን ሲፈታ ጓንት ለብሶ፣ መፍቻውን በልኩ ስሎ፣ ትንፋሹን ይዞ የሚሠራ መሆን አለበት፣ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ብትገባ መስታወቱ ስር ሆና ስታይህ ትኖራለች።

ማግኔትም አለ። ጸጉር የምታህለው ሞላ፣ ባላንስ የሚባለውን ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘውን ጎማ የምታስተነፍሰው፣ በብዙ ሰዓቶች ላይ ከብረት ቅይጥ ነው የምትሠራው፣ ስፒከር ወይ ማግኔት ያለው የስልክ መያዣ አጠገብ ሲያድር ጥቅልሎቿ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ሰዓቱ ይፈጥናል፣ አንዳንዴ በቀን በደቂቃዎች። ይሄ ሲያጋጥም በስኬለተን የምትታየውን ሞላ አይቶ መጠርጠር ይቻላል፣ እኩል ስትከፈትና ስትዘጋ የነበረችው በአንድ በኩል ታጭቃ ትታያለች። ማግኔት ማጥፊያ መሣሪያ ላይ ለትንሽ ጊዜ ማሳለፍ ነው መድኃኒቱ፣ ከባድ አይደለም። ውሃ ግን ጠላቱ ነው፣ በተለይ ውሃ ውስጥ ሆኖ መጫኛውን መጫን፣ ለዚያ ተብሎ ካልተሠራ በስተቀር መጫኛው የተዘጋበት ላስቲክ በዚያች ቅጽበት ውሃ ሊያስገባ ይችላል። የኔን አላስነካውም።

ሰዓት መጠበቁን በተመለከተ ደሞ የስዊዘርላንዱ የሰዓት ፈታኝ ተቋም ኮስክ ክሮኖሜትር (ሰዓት በትክክል የሚጠብቅ፣ ከክሮኖግራፍ ጋር አይምታታ) የሚለውን ምስክር ወረቀት የሚሰጠው፣ ማሽኑን ለ15 ቀን በአምስት አቀማመጥና በሦስት የሙቀት መጠን ፈትኖ በቀን በአማካይ ከ4 ሰከንድ በላይ ወደኋላ ካልቀረና ከ6 ሰከንድ በላይ ካልቀደመ ነው። ስልካችሁ በዚህ ይስቃል። እኔ በዚህ አልከራከርም ብያለሁ።

ሁለተኛ እጅ የሚገዙ አንባቢዎች ካሉ አንድ ነገር ልጨምር፣ ኮፒው በዝቷል፣ ስኬለተን ኮፒ ደሞ ለላዩ ያምራል። ብዙ ሳትመራመሩ መጫኛዎቹን ተጫኑ። ርካሹ ኮፒ ላይ ትንንሾቹ ክቦች ቀንና ወር የሚያሳዩ እንጂ ክሮኖግራፍ ያልሆኑ ብዙ ናቸው፣ መጫኛው ሲገፋ ምንም አይነሳም ወይ ቀኑ ይቀየራል። የሚነሳ ከሆነ አስነስታችሁ ለጥቂት ደቂቃ ተዉት፣ አቁሙት፣ መልሱት፣ ቆጣሪው ዜሮ ላይ እቅጩን ካላረፈ ምክንያቱን ጠይቁ። ከዚያ ወደ መስኮት ሄዳችሁ በቀን ብርሃን ማዕዘኖቹን ተመልከቱ። በሱቅ መብራት ሁሉም ያብረቀርቃል።

በመጨረሻ አንዲት እርማት፣ ይቺ ለጸሐፊው ሳይሆን ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ናት። ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ፎቶ ስር «ስኬለተን» ተብሎ ተጽፏል፣ ፎቶው ላይ ያለው ሰዓት ግን ሙሉ ዳያል አለው፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተቆርጦ የሚወዛወዘው ጎማ ይታያል። እሱ ኦፕን ኸርት የሚባለው ነው፣ ዜኒት በ2003 ኤል ፕሪሜሮውን እንደዚያ ከፍቶ ካወጣ ወዲህ በጣም የበዛ ዓይነት ነው፣ ስኬለተን አይደለም። እርማቱ ሲወጣ ፎቶ ከፈለጋችሁ የኔን ሰዓት ከኋላ በኩል አንስቼ ልልክላችሁ እችላለሁ፣ የብራንዱ ስም የማይታይበትን እመርጣለሁ፣ ጸጉሩንም አወጣዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ